የቲማቲሙ መደብ

ሠላሳ ዓመት ሐዋሳ ፖስታ ቤት ማኅተም የመታ እጅ፣
ጡረታ ሲወጣ ከአፈር ሆነ ወዳጅ።
ከፊላው በላይ ነው፣ ሃያ እርምጃ ቢሆን፤
ካሮት ዘራሁበት፣ ቃሪያና ጎመን።
ታች ደግሞ፣ ለሐይቁ ቀረብ ባለው መሬት፣
ሁለት መደብ ቲማቲም፣ በኩራት፣ በስስት።

ጦጣዋ ነች ቀድማ መቅላቱን ያየች፤
አንዱን ገምጣ ጥላ ሌላውን ቀጠለች።
ድንጋይ ሳነሣባት፣ ልጇን ሆዷ ላይ ሸጉጣ፣
ከዋርካው ጫፍ ታየኛለች፣ ተመቻችታ ተቀምጣ።

አባ ኮዳም አለ፣ ራሰ በራ፣ ዝምተኛ፤
ካፖርቱን ደርቦ የሚቆም፣ ልክ እንደ ዕድር ዳኛ፤
መዋጮ ያልከፈልኩ ይመስል ሲያየኝ ይውላል፣
የዓሣ አንጀት ሲጣል ብቻ ክብሩን ይረሳል።

ጉማሬው ግን ሌላ ነው፤ እሱ ቀን አይመጣም።
ሌሊት ያነፈነፈው ጎመን ጧት አይገኝም።
ዱካውን ብቻ ትቶ፣ ድስት የሚያህል ጎድጓዳ፣
ቅጠሉን ከነሥሩ ይወስዳል እንደ ዕዳ።
«ግብር ነው» ይለኛል ጋቢሶ እየሳቀ፣
መረቡን ዘርግቶ፣ ክር በጥርሱ እያላቀቀ።
«አንተ በካርታ ያዝከው፤ እሱ ግን በአያቱ፤
ከባለ ርስት ጋር አይካሰሱም፤ መክፈል ነው ብልሃቱ።»

ሌሊት አሥር ሰዓት ታንኳውን ይገፋል፤
ታቦር ከበስተጀርባው ጨለማ ለብሶ ያንቀላፋል።
አምባዛ ከወጣለት፣ አሞራ ገደል ወስዶ ይሸጣል፤
ቆሮሶ ሲይዝ ግን መንጋጋዋን ያያል።
አብጦ እንደሆነ አፏን በጣቱ ይከፍታል፤
ጫጩት አለ እዚያ ውስጥ፣ እንደ ሰናፍጭ የደቀቀ፣
ዐይን ብቻ የሆነ፣ ከእንቁላል ያልራቀ፤
እናት ጾሟን ውላ የተሸከመችው።
«ሂጂ» ይላታል። ይለቃታል።
ሌሎቹ ይስቁበታል። እሱ ቀና ሳይል፣
«ልጅ ያዘለች ሴት በመንገድ የሚዘርፍ አለ?» ይላል።

ከዚያ ሁለት ክረምት ጥቁር ውሃ ሞልቶ ወረደ፤
ሐይቁ ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ ወደ እኛ ተራመደ።
ዛሬ አንድ ጣት፣ ነገ ስንዝር፤ እኔ ችካል ስተክል፣
እሱ ችካሉን ሲያልፍ፣ እኔ ወደ ኋላ ስል፣
በጥቅምት መጨረሻ ቲማቲሞቼ ሰጠሙ፤
የደገፍኩባቸው እንጨቶች ብቻ ከውሃው በላይ ቆሙ።
አለቀስኩ አልልም። ሰው ለሁለት መደብ አያለቅስም።
ግን ሦስት ቀን ሙሉ፣ በዚያ በኩል፣ በመስኮት አላየሁም።
መመዝገቢያ ደብተሬ ላይ፣ እንደ ቀድሞው ልማዴ፣
«ለተቀባዩ ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ፣ እያረረ ሆዴ።

ጥር ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ጋቢሶ በሬን አንኳኳ፤
«ጫማህን አውልቅ» አለኝ፤ አስገባኝ ከታንኳ።
ጥቂት ቀዝፎ አቆመ፣ ከእንጨቶቼ መሀል፤
ነፋስ ገና አልተነሣም፤ ውሃው ረግቷል።
«እይ» አለኝ። አጎነበስኩ።
እኔ በቆፈርኩት ቦይ፣ ውሃ በመራሁበት፣
አንድ ወንድ ቆሮሶ ጎጆውን ቀልሶበት፣
አሸዋ በአፉ እያነሣ፣ እየተፋ ወደ ጎን፣
እንደ እኔ፣ ልክ እንደ እኔ፣ ያበጃል መደቡን።
አንድ፣ ሁለት... ሰባት ቆጠርኩ፤ በመስመር ነው የቆፈሩት፤
የእኔን ቦይ ተከትለው፣ የእኔን ፍግ የወደዱት።

«ታዲያ» አልኩት ለቀልድ፣ «ከዚህ የወጣ ዓሣ፣
የማን ነው?» ጢሙን አሻሸ፣ የነገሩን ጫፍ ሊያነሣ፤
«የዘራ ያጭዳል ይባላል፤ አንተ የዘራኸው ግን ቲማቲም፤
እኔ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ የሰው አትክልት አልነቅልም።»

ክርክሩ ሳያልቅ፣ ከአንዱ እንጨቴ ጫፍ፣
ጥቁርና ነጭ ለብሳ የቆመች ያቺ ወፍ
ተወርውራ ገባች። ወጣች፣ ይዛ ብር የመሰለ፣
ማንንም ሳታስፈቅድ። ጋቢሶ «ግብር!» አለ።
እኔም ጫማዬን ፈለግሁ፤
የላይኛው ጎመን ገና ውሃ አልጠጣም ነበር።